ከክራክ ወደ ነፃ ሶፍትዌር፦ ስለ መሸጋገርና ስለ ማገዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው በክራክ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ በሚጫን ዊንዶውስ፣ ኦፊስ ወይም ፎቶሾፕ ሲሠራ ኖሮ አሁን ወደ ነፃ ሶፍትዌር መግባት የሚያስበው ነው። ሁለተኛው ገብቶ ከለመደ በኋላ «እኔስ ምን ላግዝ?» የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ተነስተን ሁለተኛው ላይ ስለምንደርስ ጥያቄዎቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። «ዓ.ም.» ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው የትኛው ነው?

አራት ነገር የሚፈቅድላችሁ ነው። ለፈለጋችሁት ጉዳይ ትጠቀሙበታላችሁ። ውስጡን፣ ማለትም የተጻፈበትን ኮድ፣ ከፍታችሁ ታያላችሁ፣ ትቀይሩታላችሁም። ለሌላ ሰው ታካፍላላችሁ። የቀየራችሁትንም እንደዚሁ ታሰራጫላችሁ። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ1983 ግኑ የተባለውን፣ ነፃ ሲስተም የመሥራት ፕሮጀክት ሲያውጅ ይህን ሐሳብ ይዞ ተነሳ። በኋላም ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ሕጋዊ መልክ ሰጠው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ፣ ዛሬ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሱ ሲስተሞች መሠረት የሆነው፣ የሚሰራጨው በዚሁ ፈቃድ ነው። ፋየርፎክስ (የኢንተርኔት ማሰሻ)፣ ቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ)፣ ሊብረኦፊስ (የቢሮ ፕሮግራም)፣ ብሌንደር (የ3ዲ ሥዕል መሥሪያ) እና ጊምፕም (የፎቶ ማስተካከያ) ፈቃዳቸው ይለያይ እንጂ እነዚህን አራት መብቶች ይሰጣሉ።

ያለ ክፍያ የሚወርድ ሁሉ እዚህ ውስጥ አይገባም። ዙም ሳይከፈልበት ይጫናል፤ ኮዱን ማየትም ሆነ መቀየር ግን አይቻልም።

ክራክ የሆነ ዊንዶውስና ኦፊስ አለኝ፣ ይሠራልኛል። ለምን እቀይራለሁ?

መሥራቱ እውነት ነው። ችግሩ ማን እንደከፈተው፣ ሲከፍተውም ምን እንደጨመረበት አለማወቃችሁ ነው። የክራክ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ነው። ከዚያ ክራኩ እንዳይበላሽ ተብሎ አፕዴት ይዘጋል። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል፣ የመሥሪያ ቤት ፋይል ይቀመጣል፣ የልጆች ፎቶ ይከማቻል። ፍላሽ ተሰክቶ ሲነቀል ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የሚገኝበትን ጽሕፈት ቤት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንቲቫይረሱ የጠፋበት፣ አፕዴቱ የተዘጋበት ኮምፒውተር ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖችን አይቀበልም። ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ሶፍትዌሩ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ሲስተም 2 ጊጋባይት ራም ካገኘ ይነሳል፣ በ4 ደግሞ በምቾት ይሠራል። አምስት ስድስት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል።

ፈቃዱን ገዝቶ መጠቀምም ለአገር ቤት ሰው ቀላል አይደለም። ወርሃዊ ክፍያው በዶላር ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ተማሪ ወይም ትንሽ ድርጅት ጥቂት ነው። ሰው ወደ ክራክ የሚሄደው ወዶ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ተሰርቆ ከመጣ ነገር ጋር በስጋት ከመኖር፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው «ውሰዱት» ያሉትን መውሰድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነገር ይታመናል? ነገ ቢተውትስ?

ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ1993 ጀምሮ አለ። የሚመራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ መሪውንም አባላቱ በየዓመቱ ድምፅ ሰጥተው ይመርጣሉ። ከእሱ በኋላ ተመሥርተው የፈረሱ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ቁጥር የለሽ ናቸው።

«ቢተውትስ» ለሚለው የሊብረኦፊስ ታሪክ ጥሩ መልስ ነው። ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1999 አንድ የጀርመን ድርጅት ገዛ፤ የድርጅቱን የቢሮ ፕሮግራም ኮድም በ2000 ክፍት አደረገው። ኦፕንኦፊስ የተባለው ይህ ነው። በ2010 ኦራክል ሳንን ጠቅልሎ ገዛ። ሲሠሩበት የነበሩት ሰዎች በአዲሱ ባለቤት እጅ የፕሮግራሙ ዕጣ ምን ይሆን ብለው ሰጉ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ ኮዱን ይዘው ወጡ፣ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፣ ሥራውንም ሊብረኦፊስ ብለው ቀጠሉ። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም፤ ፈቃዱ ይህን መብት አስቀድሞ ሰጥቷቸዋል። የኩባንያ ምርት ሲዘጋ ግን ተጠቃሚው ማድረግ የሚችለው ነገር የለም።

በተረፈ ሁሉም ሰው በነፃ ይሠራል ማለትም አይደለም። የሊኑክስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ከሚጽፉት አብዛኞቹ ደመወዝተኞች ናቸው።

በመሥሪያ ቤት ደረጃ የቀየረ አለ?

አለ። ጀንዳርሜሪ የተባለው የፈረንሳይ የፖሊስ ኃይል ከ2008 ጀምሮ ኮምፒውተሮቹን ኡቡንቱ ወደተባለው የሊኑክስ ዓይነት አዙሯል። በጀርመን የሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ግዛት በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብረኦፊስ ለማዛወር ወስኗል። የሙኒክ ከተማ ግን ለዓመታት ሊኑክስ ላይ ሠርቶ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቴክኒኩ ብቻውን አይበቃም፤ የአመራር ቁርጠኝነትም ይጠይቃል።

እኛ ዘንድም አለ። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ክፍት ኮድ ነው፤ የሚመራውም ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ሪፖርት የምታስገባ ባለሙያ ሳታስበው በነፃ ሶፍትዌር እየሠራች ነው።

ከየት ልጀምር?

ከሲስተሙ አትጀምሩ። አሁን ባለው ዊንዶውስ ላይ ፋየርፎክስን፣ ቪኤልሲንና ሊብረኦፊስን ጫኑና አንድ ወር ሥሩባቸው። እጃችሁ ሲለምዳቸው ሊኑክስ ላይም የምታገኙት እነዚህኑ ስለሆነ ድንጋጤው ይቀንሳል። ቀጥሎ ሊኑክስ ሚንትን ፍላሽ ላይ ጻፉና ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሱት። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ መሥራቱን በዚያ አረጋግጡ። የሚያስቸግር ካለ ከመጫናችሁ በፊት ታውቁታላችሁ።

ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ከዚያ የተገለበጠውን ከፍታችሁ እዩ። ይህን ያልኩት ለወጉ አይደለም።

የቆዩ የአማርኛ ፋይሎቼ ይከፈታሉ? አማርኛስ እንዴት እጽፋለሁ?

በብዛት የምንጠየቀው ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት ሁሉ በአንድ ወጥ ቁጥር የሚቀመጡበት ደረጃ ነው) የገባው በ1999፣ በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ነበር። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ይህ ዊንዶውስ ላይም ያጋጥማል፤ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም። መፍትሔው ሁለት ነው። የድሮው ፎንት ፋይል ካላችሁ ሊኑክስ ላይም ይጫናል፣ ጽሑፉም ይነበባል። ለዘለቄታው ግን ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል። በጣም ጠቃሚ የሆኑትን ሰነዶች ከሽግግሩ በፊት፣ በደንብ በሚከፈቱበት ኮምፒውተር ላይ ሳሉ፣ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

በዩኒኮድ የተጻፈው ያለ ችግር ይከፈታል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች በነፃ ፈቃድ የሚሰራጩ ናቸው። አቢሲኒካ ለንባብ ውብ ነው፤ ሆኖም ደማቅ ዓይነት የለውም። ቦልድ ስትሉት ፕሮግራሙ ራሱ ስለሚያወፍረው ፊደሉ ይጨማለቃል። ርዕስ ለማድመቅ ኖቶን ተጠቀሙ።

ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን የኪቦርድ ማቀናበሪያ ጫኑ፤ ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል ጨምሩበትና ከዝርዝሩ አማርኛን በሴራ ስልት ምረጡ። በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ ትጽፋላችሁ፣ ፊደሉ በግዕዝ ይወጣል። በሌላ ስልት የለመደ እጅ ጥቂት ቀን ይቸገራል። ኪማን የተባለው ፕሮግራምም ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ የተለያዩ የአማርኛ ኪቦርዶች ስላሉት የለመዳችሁትን የሚቀርብ ልታገኙበት ትችላላችሁ።

አለቃዬና ደንበኞቼ የሚልኩልኝ ወርድና ኤክሴል ነው። እንዴት እንግባባለን?

ሊብረኦፊስ ይከፍታቸዋል፣ በእነሱው ዓይነትም መልሶ ያስቀምጣል። ተራ ደብዳቤና ተራ ሠንጠረዥ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በሥዕልና በሳጥን የተጨናነቀ ቅጽ፣ በኤክሴል ውስጥ የተጻፈ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም)፣ አንዳንዴም ፎንቱ ባለመኖሩ የሚዛነፍ ገጽ ነው። ለንባብ ብቻ የምትልኩትን ፒዲኤፍ አድርጉት። ለራሳችሁ የምታስቀምጡትን ደግሞ በኦዲኤፍ አስቀምጡ፤ ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት የሰነድ ዓይነት ነው።

ፎቶሾፕ፣ አውቶካድ፣ ፒችትሪስ?

እውነቱን ልንገራችሁ። ለፎቶ ጊምፕ፣ ለሥዕል ክሪታ፣ ለሎጎና ለፖስተር ኢንክስኬፕ፣ ለቪዲዮ ኬደንላይቭ አሉ፤ በእነሱ እንጀራ የሚበላ ባለሙያ አለ። ብሌንደር ደግሞ በዓለም ትልልቅ ስቱዲዮዎች ውስጥ የሚሠራበት ነው። መጀመሪያ የኩባንያ ንብረት ነበር። በ2002 ተጠቃሚዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ነፃ አወጡት።

አውቶካድ ላይ ግን ሁሉም መሐንዲስ ፋይል የሚለዋወጥበት ከሆነ ዊንዶውሱን አትጣሉት። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም እንዲሁ ነው። ግኑካሽ ለግል ሒሳብና ለትንሽ ሱቅ ይሆናል፤ ኦዲተሩም ሒሳብ ሠራተኛውም የለመዱት ፒችትሪ ከሆነ ግን ለብቻችሁ ብትቀይሩ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። ሁለቱን ሲስተም አንድ ኮምፒውተር ላይ ማኖር ይቻላል። ግማሽ መንገድ መሄድም መሄድ ነው።

ኢንተርኔቴ ውድና ደካማ ነው። እንዴት አወርዳለሁ?

ሁላችሁም አታውርዱ፤ አንዱ ያውርድ። ሊኑክስ ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በቶረንት (ፋይሉን ከብዙ ኮምፒውተሮች በቁርጥራጭ በሚያመጣ መንገድ) ከወረደ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ በፍላሽ ለክፍል ጓደኛ፣ ለጎረቤት፣ ለትምህርት ቤት ላብራቶሪ መስጠት ይቻላል። ፈቃዱ ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ስትቀባበሉ ግን ፋይሉ እንዳልተነካካ አረጋግጡ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩ በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ አለ።

ኮድ መጻፍ አልችልም። ምን ላግዝ?

ብዙ ነገር። እንዲያውም አማርኛን በተመለከተ ትልቁ ክፍተት ያለው ኮድ ያልሆነው ሥራ ላይ ነው።

አንዱ ትርጉም ነው። ሊብረኦፊስ በአማርኛ ሜኑ ይሠራል። ያ የሆነው የአማርኛ ተናጋሪዎች ቁጭ ብለው ስለተረጎሙት ነው። አዳዲስ አረፍተ ነገሮች በየዕትሙ ስለሚጨመሩ ሥራው አያልቅም። ዌብሌት በሚባል መድረክ ላይ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ያልተተረጎመውን እያያችሁ ትሞላላችሁ። የውክፔዲያን ሶፍትዌር መተርጎም የፈለገ ደግሞ ትራንስሌትዊኪ የተባለ ቦታ አለው። ምንም የሚጫን ነገር የለም፤ በስልክም ይሠራል። ከመጀመራችሁ በፊት ቀድሞ የተተረጎመውን አንብቡ። አንዱ «ፋይል»፣ ሌላው «መዝገብ»፣ ሦስተኛው «ሰነድ» ካለ ተጠቃሚው ይጠፋበታል። ትዕዛዙ ወንድን ወይም ሴትን ብቻ የሚያናግር እንዳይሆንም ተጠንቀቁ፤ «ማስቀመጫ» ወይም «አስቀምጥ» ከማለታችሁ በፊት ነባሮቹ የመረጡትን ተከተሉ። በአረፍተ ነገሩ መሃል ያሉትን ልዩ ምልክቶች አትንኩ፤ ፕሮግራሙ ስምና ቁጥር የሚያስገባው እዚያ ነው። ማሽን የተረጎመውን ሳያነቡ መለጠፍ ደግሞ ከምንም በላይ ጎጂ ነው። ባዶ ቦታ ሰው ይሞላዋል፤ የተበላሸውን ግን ማንም አያስተውለውም፣ እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛው መሞከር ነው። የፕሮግራሞቹ ሠሪዎች ፊደላችንን አያነቡም። አራት ነጥቡ ብቻውን ወደ ሚቀጥለው መስመር ቢወርድ፣ ቅደም ተከተሉ በሀ፣ ለ፣ ሐ ባይደረደር፣ ፊደሉ አናቱ ተቆርጦ ቢታይ፣ ካልነገርናቸው በምን ያውቃሉ? ይህን ማየት የሚችለው አማርኛ የሚያነብ ዓይን ብቻ ነው። እኛ ካላደረግነው የሚያደርገው የለም።

ማስተማርም አለ። ኪቦርዱ እንዴት እንደሚጫን በአማርኛ አንድ ገጽ መጻፍ፣ አጭር ቪዲዮ መቅረጽ፣ የሰፈር ጽሕፈት ቤት ሄዶ አንድ ኮምፒውተር መቀየር፤ ይህም ሙሉ አስተዋጽኦ ነው። ውጭ የምትኖሩ ደግሞ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ፣ በካርዳችሁ ለፕሮጀክቶቹ ትንሽ ገንዘብ መላክ ትችላላችሁ። አገር ቤት ላለው ይህ ከባድ ነው።

የችግር ሪፖርት እንዴት ይጻፋል?

«አይሠራም» ብቻ አትበሉ። የትኛው ዕትም ነው? በየትኛው ሲስተም ላይ? መጀመሪያ ምን ተጫናችሁ፣ ቀጥሎስ? ምን ጠበቃችሁ፣ ምንስ ሆነ? የአማርኛ ፊደል ጉዳይ ከሆነ የፎንቱን ስም፣ የስክሪኑን ፎቶና ችግሩ የሚታይበትን ትንሽ ፋይል አያይዙ። የደመወዝ ዝርዝር ወይም የሰው ስም ያለበትን ፋይል ግን እንዳታያይዙ፤ ሪፖርቱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ከመላካችሁ በፊት ሌላ ሰው ቀድሞ አመልክቶ እንደሆነ ፈልጉ።

ኮድ እችላለሁ። የመጀመሪያ ለውጤን እንዴት ልላክ?

የምትጠቀሙበትን ፕሮጀክት ምረጡ። ሲቪ ላይ ለመጻፍ ብቻ የተመረጠ ፕሮጀክት ቶሎ ይሰለቻል። ኮዱን አውርዳችሁ መጀመሪያ እንዳለ ገንቡት፤ ይህ ብቻውን አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሊብረኦፊስ ለጀማሪ የሚሆኑ ሥራዎችን «ኢዚ ሃክስ» ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሌሎችም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። አንድ ለውጥ አንድ ጉዳይ ብቻ ይፍታ። የፕሮጀክቱን የአስተዋጽኦ መመሪያ አንብቡ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተጻፈ ኮድ የማይቀበሉ ፕሮጀክቶች አሉ፤ ለምሳሌ ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2024 ከልክሏል።

ደመወዝተኛ ፕሮግራመር ከሆናችሁ የሥራ ውላችሁን እዩ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ለመሥሪያ ቤታችሁ በቅጥር የሠራችሁት ሥራ ባለቤትነቱ የአሠሪው ነው። የራሳችሁ ያልሆነውን መስጠት አትችሉም።

ልኬ ነበር። ሳምንታት አለፉ፣ የመለሰልኝ የለም። ንቀውኝ ነው?

አይደለም። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ቀን ሥራውን ውሎ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ማታ የሚከፍተው ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቃችሁ በትሕትና አንዴ አስታውሱት። መቆጣት ግን የከፋ ነገር ያመጣል። የኤክስዚ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል።

ኤክስዚ ፋይል የሚጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ አለ። የሚንከባከበው በዋነኛነት አንድ ሰው ነበር፣ ያለ ክፍያ። በ2022 የማይታወቁ ሰዎች «ለምን ትዘገያለህ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ይጎተጉቱት ጀመር። እሱም የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረው፣ ሥራውም ክፍያ የሌለው መሆኑን በግልጽ ጻፈ። ጉትጎታው አላቆመም። በመጨረሻ ጂያ ታን በሚል ስም ሲረዳው ለቆየ ሰው ኃላፊነት አካፈለ። ያ ሰው በ2024 መጀመሪያ ላይ ኮዱ ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም በስውር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ቀበረ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ብቻ መርምሮ ደረሰበት፤ መጋቢት 20 (በፈረንጅ ማርች 29) ላይም ለዓለም አሳወቀ። ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ እንዲህ ተከታትሎ ማግኘት ባልቻለም ነበር።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ ያ ብቻውን የቀረው ሰው ነው። ከፕሮግራሙ የሚጠቀም ሕዝብ ሞልቶ፣ «ደህና ነህ? የቱን ላንሳልህ?» የሚል ጠፋ። ስለዚህ መልስ ሲዘገይባችሁ ሌላው ያመለከተውን ችግር ራሳችሁ ሞክሩና «እኔም ጋ ይታያል» ወይም «በአዲሱ ዕትም ተስተካክሏል» ብላችሁ ጻፉለት። ሸክሙን ታቀሉለታላችሁ፤ የእናንተም ተራ ቶሎ ይደርሳል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ አፍራለሁ።

እዚያ ከሚጽፉት ብዙዎቹ የሚጽፉት በሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። አጭር አረፍተ ነገር ይበቃል። የስክሪን ፎቶ ደግሞ ቋንቋ አይፈልግም።

ክፍያ የሚገኝበት መንገድ አለ?

አለ፣ ጥቂት ነው እንጂ። አውትሪቺ የሚባለው ፕሮግራም በዘርፉ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ለሦስት ወር 7,000 ዶላር ይከፍላል፣ ሥራውም ከቤት ነው። ጉግል ሰመር ኦቭ ኮድ ከ2005 ጀምሮ አለ፤ ከ2022 ወዲህ ተማሪ ያልሆኑ ጀማሪዎችንም ይቀበላል። ሁለቱም ቀድሞ በፕሮጀክቱ ላይ የሠራን ሰው ይመርጣሉ። ለቅጥር ስታመለክቱም የሠራችሁት በስማችሁ በአደባባይ ስላለ፣ ቀጣሪው ራሱ ገብቶ ያነበዋል።

ሞክሬ ባይስማማኝስ?

ትመለሳላችሁ፤ ማንም አይከሳችሁም። የሊብረኦፊስ ፋይሎቻችሁ ዊንዶውስ ላይም ይከፈታሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉልን። ያስመለሳችሁን ጻፉ። ፕሪንተሩ ነው? ፎንቱ ነው? የደመወዝ ማክሮው ነው? ከላይ እንዳለው አድርጋችሁ ለሚመለከተው ፕሮጀክት ላኩት።